የሰኞና የሐሙስ ኃላፊ

ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ሰኞና ሐሙስ ትጾም ነበር። እኔ በእነዚያ ቀናት ቤት አልውልም፤ ወይ ጭነት ላይ ነኝ፣ ወይ መንገድ ላይ። እሷ ካለፈች፣ እኔም ሥራ ከተውኩ በኋላ ሰኞና ሐሙስ እንደ ሌላው ቀን ሆኑ። ሌላው ቀን ደግሞ ምንም አልነበረበትም። ወልድያ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት አለችኝ። ወንዱ ልጄ አዲስ አበባ ነው፣ ሴቷ ዓረብ አገር ናት። ይደውላሉ፣ አልሐምዱሊላህ። ስልኩ ሲዘጋ ግን ቤቱ ከመደወላቸው በፊት ከነበረው የበለጠ ዝም ይላል። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

እንዲህ ባለ ቀን ነው የመርሳ ፍራፍሬ አምራቾች ማኅበር ሰብሳቢ ቤቴ ድረስ የመጣው። ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አባቱ ማንጎና ብርቱካን ሲያመርቱ እኔ በሰው መኪና እየጫንኩ ወልድያና ቆቦ ወስጄ እሸጥ ነበር። ሰብሳቢው ቁጭ ብሎ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤናዬ ሲያወራ ቆየና በመጨረሻ ወደ ጉዳዩ ገባ። ደላሎች ማንጎውን ገና ዛፍ ላይ ሳለ ይገዙታል፤ ዋጋውንም እነሱ ናቸው የሚቆርጡት። ማኅበሩ ራሱ ወልድያ አምጥቶ መሸጥ ይፈልጋል፣ ግን ገበያ የሚያውቅ ሰው የለውም። የተማረ ሰው ለመቅጠር አቅሙ አልደረሰም። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚሠራ ሰው ይፈልጋሉ።

"የትርፍ ጊዜ የገበያ ኃላፊ ይባላል አባባ" አለኝ። ስሙን ሲጠራው እሱም ትንሽ አፈረ፣ እኔም ሳቄ መጣ።

እኔ በዕድሜዬ ኃላፊ ሆኜ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው። ጋዜጣ በቀስታ አነባለሁ፣ ስሜን አሳምሬ እጽፋለሁ፣ ከዚያ አያልፍም። ይህንኑ ነገርኩት። እሱም ያውቀዋል። የትኞቹ ቀናት እንደሆኑ ስጠይቀው ሰኞና ሐሙስ አለኝ። እሺ አልኩት። ስለ ክፍያው አለመጠየቄ ጨዋነት መሰለው። የመውጫ ቀን ማግኘቴ በቅቶኝ እንደነበር አልነገርኩትም።

ወደ ትውልድ አገሬ መርሳ ስሄድ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ከሚኒባስ ስወርድ ጥላ ሥር የተቀመጡት የጥንት ጓደኞቼ ገና ከሩቅ ጀመሩኝ። አንዱ "ኃላፊው መጡ፣ ተነሡ እንጂ" አለ። ሌላው ቢሮዬ የት እንደሆነ ጠየቀኝ። ከወልድያ መርሳ የሚሄደው ሚኒባስ ነው፣ ወንበሩ ብቻ በየቀኑ ይቀያየራል አልኩት። እንዲህ እየተሳሳቅን ትንሽ ቆምን። ሰው ሲቀልድብኝ ከሰማሁ ረጅም ጊዜ ሆኖኝ ነበር። መንገዱን ሁሉ ያንን እያሰብኩ ወደ ማኅበሩ መጋዘን ሄድኩ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከወልድያ አንዲት አሠልጣኝ መጣችልን። ወጣት ናት፣ ድምጿ ቀስ ያለ፣ ሰው ሲናገር አፍ አፉን የምታይ። ትልቅ ወረቀት መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ለጥፋ በላዩ "ማዕቀፍ" ብላ ጻፈች። ቃሉን አንብቤው አልገባኝም፣ ስለዚህ ጠየቅኋት።

"አባባ፣ ቤት ስትሠሩ መጀመሪያ እንጨቱ ይቆማል አይደል? ጭቃው በኋላ ነው" አለችኝ። "ማዕቀፍ ማለት እንጨቱ ነው። እናንተ እስካሁን ጭቃ ብቻ ስትለጥፉ ነው የኖራችሁት።"

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እውነቷን ስለሆነ። የእሷ እንጨት አራት ጥያቄ ነበር። ገዥው ማን ነው? ምን ቸግሮታል? እኛ ምን ቃል እንገባለታለን? ያን ቃል የሚጠብቀው ማን ነው? እነዚህ ሳይመለሱ ማንም ሰው ስለ ዋጋ አፉን እንዳይከፍት አለችን። ቅደም ተከተልም ነበረው። መጀመሪያ ማዳመጥ ብቻ፣ ቀጥሎ አንድ ቃል ብቻ ገብቶ እሱን መጠበቅ፣ በመጨረሻ ሥራውን ለአባላቱ ማስረከብ። እኔ መጻፉ ስለማይሆንልኝ ጥያቄዎቹን በጣቶቼ ያዝኳቸው። ዛሬም ሳስባቸው ጣቴን እነካለሁ።

ልትሄድ ስትል ስለ እኔ ሥራ አንድ ነገር ተናገረች። የትርፍ ጊዜ ኃላፊ ጎበዝ መሆኑ የሚታወቀው እሱ በሌለበት ቀን ነው፤ ጨርሶ ሲሄድ ሥራው ካልጎደለ ያኔ ተሳክቶለታል አለች። አባላቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም አብሬ ነቀነቅሁ። ልቤ ግን ወደ ሌላ ነገር ሄዷል። ሥራው ካልተሳካ እነዚህ ሰዎች መልሰው በደላላ እጅ ይወድቃሉ። ከተሳካ ደግሞ ሰኞና ሐሙስ ከእጄ ይወጣሉ። በየትኛውም በኩል ባየው መጨረሻው ያው ቤቴ ነው።

ማዳመጡን ወልድያ ጀመርኩት። በእኔ ዘመን ነጋዴ መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው ዋጋ ነበር። አሁን ምላሴን ይዤ ጁስ ቤት ለጁስ ቤት፣ ሆቴል ለሆቴል፣ መንገድ ዳር ወደሚቸረችሩትም እየሄድኩ እጠይቃለሁ። ሰው ምንም ሳይሸጥ የሚዞር ሽማግሌ ሲያይ ይጠራጠራል። ዩኒቨርሲቲው አቅራቢያ ጁስ ቤት ያላት ሴት፣ ከቆቦ የመጣች ናት፣ ገና ሳልቀመጥ ምን ልሸጥ እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ምንም አልሸጥም፣ ምን እንደቸገረሽ ልጠይቅሽ ነው አልኳት።

"ከቀበሌ ነዎት?"

"አይደለሁም።"

"እንግዲያው ባል ነው የቸገረኝ። አለዎት?"

ቤቱ ውስጥ የነበረው ተማሪ ሁሉ ሳቀ። እኔም ማንጎ እንጂ ባል ጭኜ አላውቅም አልኳት። እሷም ሳቀችና ወንበር ሳበችልኝ። ከዚያ በኋላ ነው ችግሯን የነገረችኝ። እኔ ዋጋ ነው ብዬ ገምቼ ነበር። ዋጋ አይደለም። ማንጎው ተመትቶ ይመጣል፣ በማግስቱ ይጠቁራል። አንድ ቀን ያጥለቀልቃታል፣ ከዚያ ቀናት ይጠፋል። ተማሪ አንድ ጊዜ የለም ከተባለ ሌላ ቤት ይለምዳል። ማንጎ ሳይሆን የምታውቀው ቀን ነበር የቸገራት። ሌሎቹ ዘንድም ስሄድ ነገሩ ያው ሆኖ አገኘሁት።

ይህን ይዤ መርሳ ተመለስኩ። ቃላችን አጭር ይሁን አልኳቸው፤ ሰኞና ሐሙስ፣ ሳይረፍድ፣ ያልተመታ ማንጎና ፓፓያ። አባላቱ ለሆቴሉም፣ ለደሴ ነጋዴም፣ ለሁሉም ቃል ካልገባን ብለው ነበር። አሠልጣኟ አንድ ቃል ነው ያለችው ብዬ ያዝኳቸው። ማንጎውንም በዘንግ መትቶ መሬት ላይ ማፍሰስ ቀረ። አንዱ ዛፍ ላይ ይወጣል፣ ታች ያሉት ጆንያ ዘርግተው ይቀበላሉ፣ ወተቱ ልጣጩን እንዳያቃጥለው ፍሬው ከተንጠለጠለበት እንጨት ትንሽ ይተውለታል። ሥራው ቀስ ይላል። መጀመሪያ ሳምንት አጉረመረሙ። ሁለተኛው ላይ ሳጥኑ ሲከፈት ፍሬው እንደ እንቁላል ሳይነካ ሲወጣ አይተው ማጉረምረሙን ተዉ።

አራተኛው ጥያቄ ቀረ፤ ቃሉን የሚጠብቀው ማን ነው? ይህን የመለስኩት እኔ ነኝ፣ ቀላልም መስሎኝ ነበር። ከመስኖው ቦይ በታች ያሉትን አባላት መረጥኩ። ጎረቤታሞች ናቸው፣ ግማሾቹ በጋብቻ የተሳሰሩ፣ አንዱ የሌላውን ማሳ እንደ ራሱ የሚያውቅ። ሁሉም የአንድ ቅሬ አባል ናቸው። ቅሬ በእኛ አገር ሰው ሲሞት የሚያነሣው፣ የሚቀብረው፣ ለቅሶ የሚቀመጠው የጎረቤት ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይገባበታል። አንድ ቅሬ ውስጥ ያለ ሰው አይካካድም ብዬ ነው። ማንም አልተቃወመም፤ ደግ ምርጫ ነው አሉኝ።

ብዙ ሳምንት በደህና ሄደ። ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ወልድያ መናኸሪያ ስደርስ የሚኒባሱ ሾፌር ያውቀኛል፣ ፊት ያስቀምጠኛል። ሲሪንቃን አልፈን ወደ መርሳ ስንወርድ አየሩ ይሞቃል፣ እኔም ካፖርቴን እፈታለሁ። ምሳ ከአንዱ ቤት እበላለሁ፤ የማን ተራ እንደሆነ ራሳቸው ይከራከራሉ። አንዷ እናት የእኔን ተራ ለሌላ ትሰጣለህ እንዴ ብላ ሰብሳቢውን ስትቆጣው ሰምቼ አውቃለሁ። ማታ ስመለስ ቁልፉን አውጥቼ በሩን ስከፍት፣ ቀኑን ሙሉ ሲጠራኝ የዋለው ሰው ሁሉ ደጅ ይቀራል። ቢሆንም ሰኞ ካለፈ ሐሙስ ቅርብ ነው። እንዲህ ብዬ እተኛለሁ።

አንድ ሐሙስ መርሳ ስደርስ መጋዘኑ ተዘግቷል። ሳጥኖቹ ባዶ እንደተደራረቡ ናቸው። ሰው ስጠይቅ ከቦይ በታች አንዲት እናት ትናንት ማምሻውን አርፈዋል አሉኝ። ደግ ሴት ነበሩ፣ ምሳ ከበላሁባቸው ቤቶች አንዱ የእሳቸው ነው። የቅሬው ጥሪ ገና በማለዳ ተሰምቶ አገር ሁሉ ወጥቷል። ለቅሬ ጥሪ ያልወጣ ሰው ይቀጣል። ቅጣቱ ግን ምንም አይደል፤ ያልወጣ ሰው እሱ ሲሞት ማን ያነሣዋል? ስለዚህ ማንጎ ያወረደ የለም። እኔም አላወረድኩም፣ ቀጥ ብዬ ወደ ቀብሩ ሄድኩ። በቀብር ስልክ አይጮህም ብዬ ዘጋሁት። ማንጎው ትዝ ያለኝ አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። ስልኩን ስከፍተው የጁስ ቤቷ ሴት ጥሪ ተደርድሮ አገኘሁ።

መልሼ አልደወልኩም። እንዲህ ያለው ነገር በፊት ለፊት ነው የሚባል። ከሰዓት በኋላ ወልድያ ተመልሼ ጁስ ቤቷ ገባሁ። ስታየኝ ከመደርደሪያው ኋላ ሆና ብርጭቆ ማጠቧን አላቋረጠችም። የሆነውን ነገርኳት።

"ነፍስ ይማር" አለች መጀመሪያ። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጠች። "እኔ ለቅሶ አልከለከልኩም አባባ። እኔም ቆቦ ዘመድ አለኝ፣ እኔም እቀብራለሁ። ግን ጁስ ሊጠጣ የመጣን ተማሪ፣ መርሳ ሰው ሞቷልና ማንጎ የለም ልበለው?"

"ምን ልበልሽ ልጄ።"

"ምንም አይበሉኝ። ሰው ነገም ይሞታል። ሲሞት ምን እንደምታደርጉ ይንገሩኝ፣ ከዚያ ሰኞ ይምጡ። ከሌለም ይንገሩኝ፣ ለደላላው እደውላለሁ።"

ብትጮህብኝ ይቀለኝ ነበር። በማግስቱ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ መስጊዱ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ጣቴን ቆጠርኩ። ሦስቱ ጣቶች ደህና ናቸው። የተሰበረው አራተኛው ነው። እኔ የመረጥኳቸው ሰዎች መተማመናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ ቅሬ ማለት አንድ ለቅሶ ማለት ነው። አንዱ ቤት ሲያለቅስ ሁሉም ቤት ሥራ ያቆማል። ቃላችንን ሁሉ በአንድ ለቅሶ ላይ አስቀምጬው ኖሯል። የአገሬን ወግ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ ተወልጄ ያደግሁበት ነው። ውኃ ውስጥ ያለ ሰው ውኃውን አያየውምና ነው።

መድኃኒቱም እዚያው ነበር። ማኅበሩ ውስጥ የሦስት ቅሬ ሰዎች አሉ፤ ከቦይ በታች፣ ከቦይ በላይና ከአስፋልቱ ዳር። እያንዳንዱ የለቀማ ቡድን ከሦስቱም ቢቀላቀል፣ አንዱ ቅሬ ለቅሶ ሲቀመጥ የሌሎቹ ሁለቱ ሰዎች ይሠራሉ። እነሱም ከሥራው በኋላ ለቅሶ ይደርሳሉ፤ ሩቅ ቅሬ ማምሻውን ቢመጣ አይነወርም። ቅዳሜ መርሳ ወርጄ ይህን ለሰብሳቢው ነገርኩት። ሰብሳቢው ራሱን አከከ። ነገሩ ገብቶታል፤ ለቅሬ ሽማግሌዎች ማን ይናገር የሚለው ነው ያስጨነቀው። እኔ እናገራለሁ አልኩ።

እሑድ የቅሬ ሽማግሌዎቹና አባላቱ ተሰበሰቡ። ተናገርኩ። ከቦይ በታች ያሉት የቅሬ ዳኛ፣ ከእኔም ይበልጣሉ፣ ዘንጋቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ሲያዳምጡ ቆዩ።

"ቅሬያችንን ለማንጎ ብለው ሊሰነጥቁት ነው?" አሉኝ።

ቅሬው እንዳለ ነው፣ የሚቀላቀለው ለቃሚው ብቻ ነው አልኳቸው። አልተዋጠላቸውም። ሌሎቹም በየተራ ያላቸውን አወጡ። የላዮቹ ማሳዬ ገብተው ምን ሲያደርጉ ማን ያያቸዋል የሚል ነበር፤ የአስፋልቶቹ ሰነፍ ናቸው የሚል ነበር፤ አስፋልቶቹም ለዚህ መልስ አላጡም። የነገሩ ጫፍ ሊጠፋ ሲል፣ ጥቂት ዛፍ ብቻ ያላቸው አንዲት ባልቴት ከኋላ ተቀምጠው ተናገሩ።

"እኔ ስሞት ሁላችሁም ኑልኝ። የዛፌን ማንጎ ግን የላዮቹ ያውርዱልኝ። እኔን ቀብራችሁ ስትመለሱ ማንጎዬም አብሮኝ በስብሶ እንዳይቆያችሁ።"

ሳቁ ከየት እንደመጣ አላውቅም። የቅሬ ዳኛውም ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ሳቁ። ከዚያ በኋላ የቀረው ቀላል ነበር፤ ከባለማሳው ቤት አንድ ሰው አብሮ ይቁም ተባለና ጸደቀ። ሰኞ ማንጎው ወልድያ ሲደርስ ለጁስ ቤቷ ሴት ሰው ሲሞት የምናደርገውን ነገርኳት። ሰምታ ሰምታ ብልህ ሰው አላችሁ አለች። እኔ አይደለሁም፣ አንዲት ባልቴት ናቸው አልኳት።

አሁን የቀረው የመጨረሻው ደረጃ ነበር፣ ማስረከብ። ገዥው ሁሉ የሚደውለው ለእኔ ነው። ቁጥራቸው በእኔ ስልክ፣ ጠባያቸው በእኔ ጭንቅላት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ዘገየሁ። ማንም አላስቸኮለኝም። እንዲሁ ቢቆይ ማን ይጎዳል እያልኩ ነበር። ግን ያ መጋዘን ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት በገባሁ ቁጥር ያየኛል። በመጨረሻ የቡድን መሪዎቹን አንድ በአንድ ወልድያ ይዤ እየወጣሁ ከገዥዎቹ ጋር አስተዋወቅኋቸው። ማን ጠዋት እንደሚቆጣ፣ ማን ከሳጥኑ ሥር ያለውን አውጥቶ እንደሚያይ፣ የማን ጤና መጀመሪያ እንደሚጠየቅ ነገርኳቸው። የጁስ ቤቷ ሴት የቡድን መሪውን ከላይ እስከ ታች አይታ፣ ይሄኛው ሚስት አለው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አለው ስላት ታዲያ ለምን አመጡት አለች። ስልክ ቁጥሩን ግን ያዘች።

ከዚያ አንድ ሰኞ መርሳ ስደርስ አሁንም ሰው ሞቷል። በዚህ ጊዜ ከቦይ በላይ ነው፣ አንድ ሽማግሌ። እየተጣደፍኩ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ሳጥን የሚያጥቡት ሴቶች ቀና ብለው ሰላም አሉኝ። ማንጎው ወርዷል፣ ተጭኗል፣ ጋሪው ወደ አስፋልቱ እየወጣ ነው፣ እርስዎ ለቅሶ ይድረሱ አሉኝ።

ሄድኩ። ኑሮዬን ወልድያ ሳደርግ ከአገሬ ቅሬ ወጥቻለሁ፣ ስለዚህ የምቀመጠው ከእንግዶች ጋር ከድንኳኑ ጠርዝ ነው። እኔን የተከራከሩኝ የቅሬ ዳኛ አጠገቤ ነበሩ፣ እሳቸውም በዚህ ለቅሶ እንግዳ ናቸው። ትንሽ ቆይቶ ጋሪው በድንኳኑ ፊት ለፊት አለፈ። ባለጋሪው ለቅሶውን ሲያይ ወርዶ ፈረሱን በእጁ እየሳበ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ነው ያለፈው። ሳጥኖቹ በቅጠል ተሸፍነዋል። ለቀስተኛው ሁሉ አየ፣ ማንም ክፉ አልተናገረም።

"ይኸው አለፈ" አሉኝ ዳኛው በቀስታ።

ስልኬን በዚህ ቀን አልዘጋሁትም፣ ድምፁን አጥፍቼ በእጄ ይዤዋለሁ። የወልድያ ሰው የሚደውልበት ሰዓት ደረሰ። አልደወለም። ሰዓቱ አለፈ። እንደገና አየሁት። ለእኔ መደወል አላስፈለጋቸውም፣ ለቡድኑ መሪ ደውለዋል። ሥራው ተሳካ ማለት ይህ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? እዚያው ተቀምጬ ስልኩን እያየሁ ሳለ አንድ ሰው ትከሻዬን ይዞ "አብሽሩ፣ ሁላችንም ወደዚያው ነን" አለኝ። ለሟቹ ያዘንኩ መስሎት ነው። አልሐምዱሊላህ አልኩት።

ሐሙስ ለሰብሳቢው ነገርኩት። አሠልጣኟም ሥራውን ልታይ መጥታ እዚያው ነበረች። ከእንግዲህ እኔ አላስፈልግም አልኩ። ሰብሳቢው ተቆጣ ማለት ይቻላል። ማን አስቀየመዎት፣ ምን ጎደለብዎት አለ። ማንም አላስቀየመኝም አልኩት። እንግዲያው ሥራ ባይኖርም ይምጡ፣ ዝም ብለው ከእኛ ጋር ይቀመጡ አለኝ። ልቀበለው እችል ነበር። ነገር ግን እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። እኔ ከተቀመጥኩ የቡድን መሪው ስልኩን ከማንሣቱ በፊት ፊቴን ያያል። በእኛ አገር ሽማግሌ ተቀምጦ ልጅ ቀድሞ አይናገርም። አክብሮታቸው ራሱ ሥራቸውን መልሶ ወደ እኔ ያመጣዋል፣ እኔ ደግሞ ዘላለም አልኖርም።

አሠልጣኟን ጠየቅኋት። "ልጄ፣ በማዕቀፍሽ ሥራው ሲያልቅ ኃላፊው ወዴት ነው የሚሄደው?"

"ሌላ ቦታ ሄዶ ይጀምራል አባባ።"

"በእኔ ዕድሜ ሌላ ቦታ የሚባለው አንድ ነው" አልኳት።

መሳቅ ፈልጋ አልሳቀችም። እጄን በሁለት እጇ ያዘች፣ ደግ አደረገች። አባላቱ ተሰብስበው ዱዓ አደረጉልኝ። የቅሬ ዳኛው ረጅም ነው ያደረጉት፣ እስከ ልጅ ልጆቼ ድረስ። ክርስቲያኖቹም በየልማዳቸው መረቁኝ። መኪናው ድረስ ሸኙኝ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ አብረውኝ ቆሙ። እስኪሞላ ቆየ። እንዲቆይም ወድጄ ነበር።

የሚቀጥለው ሰኞ ቤት ዋልኩ። ሐሙስ ግን አልቻልኩም፣ ወጣሁ። መናኸሪያው አካባቢ መንገድ ዳር ፓፓያ የምትቸረችር ሴት አየሁ። ከየት እንደመጣ ጠየቅኋት።

"የመርሳ ነው አባባ፣ አልተመታም። ይንኩት። ሰኞና ሐሙስ ሳያዛንፉ ያመጡልናል።"

"ማን ነው የሚያመጣው?"

"ማኅበር አላቸው አሉ። ሰዎቹን አላውቃቸውም፣ ቀናቸውን ነው የማውቀው።"

አንድ ግዢኝ አልኳት፣ ማለቴ ስጪኝ፤ የነጋዴ አፌ ተሳሳተ። እሷ ትልቁን መርጣ አነሣችልኝ። ትንሹን ልላት ነበር፣ ተውኩት። ቤት ወስጄ ቆረጥኩት። በስሎ እንደ ማር ነው፣ የማን ማሳ እንደሆነ ሁሉ የማውቀው መሰለኝ። ግማሹን እንኳ አልጨረስኩም። ፓፓያ ደግሞ ከተቆረጠ አያድርም።

የቀረውን በሳህን አድርጌ ከአጠገቤ ያለውን ግቢ አንኳኳሁ። የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፣ ባልና ሚስት፣ ጠዋት ወጥተው ማታ ይገባሉ። ሚስትየዋ ከፈተችልኝ። ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች።

"አባባ፣ ከየት ነው የመጡት?"

"ከዚህ ነኝ፣ ከጎን ካለው ቤት።"

"እዚያ ሰው ይኖራል እንዴ? እኛ እኮ ባዶ ቤት መስሎን ነበር።"

አፈረች። እኔም እንዳታፍር ብዬ ሥራ ስለነበረኝ ነው፣ ቀን ቀን አልገኝም ነበር አልኳት። ይግቡ እንጂ አለችኝ፣ ሌላ ጊዜ አልኳት። ሳህኑን ተቀብላ ገባች።

ይህን ስናገር ሳህኑ ገና እነሱ ዘንድ ነው። የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም፣ የሚያደርጉበት ነገር እስኪያገኙ ይሆናል። እኔም አልቸኮልኩም። በማንኛውም ቀን ቢመጡ አለሁ።